የጡት ልጅ

መጀመሪያ የሰማሁት ስሜን ነው። ጭጋጉ ከሊማሊሞ ሽቅብ ወጥቶ ደባርቅን ውጧት ስለነበር ጠሪው አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ «ምስክር አገኘሁ!» እያለ ይደጋግማል። ሰውን ከነአባቱ ስም የሚጠራ ወይ ትምህርት ቤት ነው ወይ ፍርድ ቤት። ትምህርቱን ከጨረስኩ ደግሞ ቆይቻለሁ። የያዝኩትን ጀሪካን አስቀምጬ ዝም አልኩ። ዝም ካልኩ ያልፍ መስሎኝ ነበር።

አላለፈም። በሩን ገፍቶ ሲገባ ደርቤ ሆነ፤ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቷል። ደርቤ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት በተከራያት ክፍል ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ፓስፖርት የሚያስሞላ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። የከተማው ሰው ግን «ጠበቃው» ይለዋል፤ እሱም አንድ ቀን «አይደለሁም» ብሎ አያውቅም። የእኔ የካናዳ ጉዳይም በእሱ ኢሜይል ነው የሚመጣ የሚሄደው።

«ካናዳዊው፣ ስትጠራ አትሰማም እንዴ? ከአሁኑ ኮራህብን?» አለኝ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው፤ ራሱ ግን አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። እንግሊዝኛውን እስከምጨርሰው አልጠበቀም። የካናዳ ኢሚግሬሽን ሰዎች እኔና እሌኒ እናትና ልጅ መሆናችን በምርመራ ይታይ ብለዋል፣ ዲ ኤን ኤ ይሉታል፣ አለኝ።

እሌኒ የጡት እናቴ ናት። ከአዲ አርቃይ በልጅነቷ መጥታ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የኖረች፣ ጨነቅ ካምፕ ለቱሪስት ምግብ ታበስል የነበረች ሴት ናት። ገና ቆሜ መሄድ እንደጀመርኩ፣ ቄስ ሀብተ ሚካኤል ባሉበት፣ አውራ ጣቷን ማር ነክራ አጥብታኛለች። በእኛ አገር እንዲህ የተደረገለት ሰው የጡት ልጅ ይባላል፤ ወላጅ እናቱ እያለችው ሌላ እናት ይኖረዋል ማለት ነው። ለእኔም አልጣሽ የምትባል ወላጅ እናት አለችኝ፤ ብቅልና ጌሾ እየሸጠች ያሳደገችኝ፣ ከእኔ ሌላ ልጅ የሌላት።

እሌኒ በመተማ አድርጋ ሱዳን ገባች፤ ከሱዳን ደግሞ ካናዳ ወሰዷት። የስደተኛ ቃሏን ስትሰጥ «ልጅ አለሽ ወይ?» ተባለች። «አንድ የጡት ልጅ አለኝ» አለች። አስተርጓሚው የት እንዳደገ እንጃ፤ የጡት ልጅ ሲባል ጡቷን የጠባ፣ ጡቷን የጠባ ከሆነ ደግሞ የማህፀኗ ፍሬ ነው ብሎ «ልጅ» ብቻ አድርጎ አስጻፈው። እሷም ፈረመች፤ በኋላም በዚያው ቃል ልጄ ይምጣልኝ ብላ አመለከተችልኝ። ይህን በስልክ ስታጫውተኝ እየሳቀች ነበር። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ያን ጊዜ ቀልድ ነበር።

አሁን ደም ሊመሰክር ነው። ደሙ ደግሞ ልጇ አይደለም ይላል።

ደርቤ መድኃኒቱ እሱ ዘንድ እንዳለ ነገረኝ። ናሙና ሲወሰድ የሚያቀያይር ሰው ያውቃል። የማን ምራቅ በማን ቦታ እንደሚገባ አልጠየቅሁትም። አለመጠየቄን እንቢታ አድርጎ ወሰደው።

«የራስህ ነገር ብቻ መሰለህ? ውሸት ነው ካሉ እሷንም ጠርዘው ይመልሷታል» አለኝ፤ በሩንም ሳይዘጋው ወጣ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ማለት ለእኔ ተረት ሆነ። ዓይኔን ስጨፍን እሌኒ አየር ማረፊያ ውስጥ፣ በሁለት ሰዎች መሀል፣ አበባ በጣለባት ሻርፕ ተጠቅልላ ትታየኛለች። ሰዎቹ ፊት የላቸውም። ቀን ቀን ከከተማው ዳር ወጥቼ ገደሉን ስመለከት እውላለሁ፤ መኪኖቹ በጭጋጉ ውስጥ ፍሬናቸው እያቃሰተ ሲወርዱ፣ አንዱ መኪና እኔን ሊወስድ የመጣ ይመስለኛል። ስልኬ ሲጮህ ክንዴ ይደነዝዛል። የሌላ ሰው እንጀራ የበላሁ፣ አሁን አንዱ ደርሶ ከጉሮሮዬ ሊያወጣው የመጣ ዓይነት ነበር ስሜቱ።

በመጨረሻ ፍርድ ቤት ሄጄ፣ መዝገብ ቤት የምትሠራውን ገበያነሽን ጠየቅኋት። ድሮ ከእናቴ ብቅል ትገዛ ስለነበር ታውቀኛለች። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሰው ጠበቃ መሆኑ በምን ይታወቃል አልኳት። በፈቃዱ ነዋ፣ አለችኝ፤ ፈቃድህን አሳየኝ በለው፣ ከተቆጣ ጠበቃ አይደለም። ቀጥላም ዳባት ላይ ሊድያ የምትባል፣ ቀድሞ ስደተኞች ካምፕ የሠራች ጠበቃ እንዳለች ጠቆመችኝ።

ለእናቴ ያኔ ነው ሁሉንም የነገርኳት። ብቅል እያበጠረች ነበር። ሰፌዱ እጇ ላይ ቆመ። እንዴት አድርገው ነው የሚመረምሩ አለችኝ፤ እኔም በደንብ አላውቅም አልኳት። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። በማግስቱ ግን ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«እማዬ፣ አንቺ ምን ያደክምሻል?»

«ልጄን የሚጠይቁ ከሆነ እኔንም ይጠይቁኝ» አለች።

መንገዱ ያን ቀን ክፍት ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ ክንዴን ይዛ ነው የሄደችው፤ ኬላው ላይ ወርደን ስንፈተሽ እንኳ አልለቀቀችኝም። እንዳልሄድባት ፈርታ ነው ብዬ አሰብኩ። አሳዘነችኝ። እኔም ፈርቼ ስለነበር ግን በመስኮቱ መንገዱን እያየሁ ሄድኩ።

የሊድያ ቢሮ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጓሮ ናት። ወይዘሪቷ እኔ እንደጠበቅኋት የምታስፈራ አልነበረችም፤ ቀጭን፣ ጉንፋን የያዛት፣ አፍንጫዋን በሶፍት እየጠረገች የምታወራ ሴት። ፈቃድ እንዴት ብዬ እንደምጠይቃት ስጨነቅ፣ ግድግዳው ላይ በመስታወት ተሰቅሎ አየሁት። ዓይኔን ተከትላ ፈገግ አለች።

«አንብበው፣ ችግር የለውም። ማን ላከህ?»

የደርቤን ነገር ነገርኳት።

«ደርቤ ጠበቃ ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኛ» አለች። እናቴ አልሳቀችም።

ከዚያ በፊት ማንም ሰው እንደዚያ ጥርት አድርጎ አስረድቶኝ አያውቅም። ለጠበቃ የተነገረ ነገር ከዚያች ክፍል እንደማይወጣ ነገረችን። እሷ ግን የምትቆመው በአገራችን ፍርድ ቤት እንጂ በካናዳ አይደለም፤ መዝገቡ የእሌኒ ስለሆነ፣ እዚያው ያለ፣ በዚያ አገር ሕግ ፈቃድ ያለው ጠበቃ መያዝ ያለባት እሌኒ ናት። የጠበቃው ስም ፈቃድ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማንም ሰው በኢንተርኔት ማየት ይችላል፤ አቅም ለሌለው በነጻ የሚያማክሩም አይጠፉም። ቪዛው በእርግጥ ይወጣል ብሎ የሚምል ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹት፣ አለች፤ ወሳኙ ባለሥልጣኑ እንጂ ጠበቃው አይደለም።

የጡት ልጅነት በሕግ ጉዲፈቻ ይሆን እንደሆን ጠየቅኋት። ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይሆንም አለች። ሆኖም በደም ሳይዛመድ እንደ ቤተሰብ ያደገን ሰው የሚያዩበት መንገድ ሊኖር ይችላል፤ እሱን የዚያ አገር ጠበቃ ይንገራት።

የሚያስፈራኝን ወደ መጨረሻ ነው ያመጣሁት። «እሌኒን ይመልሷታል?»

ሶፍቷን አጣጥፋ አስቀመጠች። «አይመልሷትም ብዬ ልዋሽህ አልችልም። የሚያባብሰውን ነገር ግን ልነግርህ እችላለሁ። እስካሁን ያለው የአስተርጓሚ ስህተት ነው። ስህተት ሳይጠየቁ በፊት ወይ እንደተጠየቁ ከታረመ ስህተት ይባላል። ናሙና ካቀያየራችሁ ግን ያኔ ማጭበርበር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያምናት የለም።»

እንግዲህ እውነቱን መናገር ማለት የእኔን መንገድ በገዛ እጄ መዝጋት ነው። ደግሞም እሌኒ ቢያንስ ውሸታም እንዳትባል ተስፋ ማድረግ ነው። እሺ አልኩ።

ሊድያ ለእሌኒ ጠበቃ የሚላክ የምስክርነት ቃል ልታዘጋጅ ወረቀት አወጣች፤ ወደ እናቴም ዞረች። «እናቴ፣ የማሩን ሥነ ሥርዓት እንዴት እንደነበረ ይንገሩኝ።»

እናቴ ስትናገር እንደዚያ ቀን አምሮባት አላየሁም። ማሩ ከየት እንደመጣ፣ ቄሱ ምን እንዳሉ፣ እሌኒ ምን እንደለበሰች፣ እኔ ጣቷን ነክሼ እንዴት እንደጮኸች፤ አንዱን ሳትዘል ተናገረችው። «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ በይው፣ እሱም እናቴ ይበልሽ አልኳት» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሊድያ ሁሉን ጻፈች።

«መልካም። ሲወለድስ? ጤና ጣቢያ ነው ወይስ እቤት?»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ደባርቅ ነው?»

«ቆይቷል» አለች እናቴ።

«ማን አዋለደዎት? በሕይወት ካሉ እሳቸውም ቃል ይሰጡን ነበር።»

እናቴ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትቆጥር ጀመር። እኔ ደግሞ ውጭ ያለው ፎቶ ኮፒ ማሽን ሲጮህ እሰማለሁ፤ ምን ያህል እንደደከማት ነው የማስበው፤ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ነበር የወጣችው።

ሊድያ አልተጫነቻትም። «ግድ የለም፣ የድሮ ልደት ማስረጃ ማንም የለውም» አለችና፣ ድንገት አንድ ነገር እንደበራላት ሰው እስክሪብቶዋን አነሳች። የተሻለ መንገድ አለ፤ የእሌኒ ጠበቃ የእናቴና የእኔ ምርመራ አብሮ ይሠራ ብሎ ይጠይቅ። ወላጅ እናቱ አልጣሽ መሆኗን ደም ካሳየ፣ እሌኒ ያወራችው የጡት ልጅነቱን እንደነበረ፣ ስህተቱም የአስተርጓሚው እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ከዚያ ጭጋጋም ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለለኝ። የእሌኒ መዳኛ እናቴ ውስጥ ነበረ፤ ከጎኔ ተቀምጦ፣ ክንዴን ይዞ የመጣው። ወደ እሷ ዞሬ ሳቅሁ።

«ደም ይቀዳሉ?» አለች እናቴ፤ እኔን ሳይሆን ሊድያን እያየች።

«ደምም አያስፈልግ። ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ ጠረግ ያደርጉታል፣ አያምም።»

«የእኔንም?»

«የእርስዎንም፣ የእሱንም፣ እዚያ ያለችውንም።»

«የሦስታችንንም።»

«አዎ።»

«የወለደችው የትኛዋ እንደሆነች አይሳሳትም?»

«ከሰው ቃል ይሻላል፣ እናቴ» አለች ሊድያ፣ ልታረጋጋት ፈልጋ።

እናቴ ክንዴን ለቀቀችው። ጣቶቿ የነበሩበት ቦታ ቀዘቀዘኝ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስታ ራሷ ላይ አደረገች፤ ወንበሩን ድምፅ እንዳያሰማ በእጇ ደግፋ ወደ ኋላ ገፋችና ተነሳች። ፊቷን ለማየት አንገቴን አዞርኩ፤ ያየሁት ነገር እኔን ሦስት ሳምንት ሲያስጨንቀኝ የከረመው ፍርሃት ነበር፤ እሷ ላይ ግን የዕድሜ ልክ ይመስላል።

«እማዬ» አልኳት።

ለሊድያ እጅ ነሳች። በሩን ከፍታ ወጣች።