የኋላው ወንበር

ፖሊስ ጣቢያው ቪትዟን የለቀቀለት በአሥራ አንደኛው ቀን ነበር። ብርሃኑ ፈርሞ ቁልፉን ተቀበለና ግቢው ጥግ፣ ፀሐይ ላይ፣ መስኮቶቿ ድፍን ብለው ወደቆመችው መኪና ሄደ። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን እንዳስገባ መልሶ አወጣው። የጥበቃው ፖሊስ ከሩቅ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ፣ «አባት፣ እባክዎን ቶሎ ይዘውልን ይሂዱ» አለው። አራቱንም መስኮት ከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ውጭ እያወጣ ነድቶ ቤቱ ደረሰ።

ብርሃኑ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ፣ ሳሊተ ምሕረት የምትኖረው ታናሽ እህቱ ምንትዋብ «ቆማ ከምትበላሽ አንተ ሥራባት» ብላ መኪናዋን ሰጠችው። በአፕ እየተጠራ ሰው ያመላልሳል። እሱ፣ ሚስቱ ገንዘቤና ሁለት ሴት ልጆቻቸው የሚኖሩት በዚህችው መኪና ገቢ ነው። ምንትዋብ ያስያዘችው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ መኪናዋ እንዳትቆሽሽ። የወንበሩን ክሬም ጨርቅ ራሷ መርጣ ያሰፋችው ስለሆነ በመጣች ቁጥር በጣቷ ዳብሳ ታያለች።

ለሚ ኩራ ውስጥ፣ ገና አስፋልቱ ተሠርቶ ካላለቀ መንገድ ላይ፣ ከቀትር በኋላ ሰው አድርሶ ሲመለስ ነው አንድ ወጣት መንገድ ዳር ወድቆ ያገኘው። ሲኖትራክ ገጭቶት ሳይቆም ሄዷል። ከብርሃኑ ፊት የነበሩ ሦስት መኪኖች ቀዝቀዝ ብለው፣ አይተው፣ አለፉ። እሱ ቆመ። ልጁን ኋላ ወንበር ላይ አስተኝቶ ሆስፒታል አደረሰው። ልጁ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ሰዲቅ ይባላል፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ግንባታ ላይ ሴራሚክ ያነጥፍ ነበር። ሌላ ምስክር ስላልተገኘ «የገጨኸው አንተ ራስህ አለመሆንህ ይጣራ» ተብሎ ብርሃኑ ሁለት ቀን፣ መኪናዋ ደግሞ አሥራ አንድ ቀን ታሰሩ። በመጨረሻ መኪናዋ ላይ የግጭት ምልክት እንደሌለ ባለሙያ አረጋገጠ። ብርሃኑም በምስክርነት ተመዝግቦ፣ ስልኩን ሰጥቶ ተሰናበተ።

የሰፈሩ ላቫጆ አራት መቶ ብር ተቀብሎ ወንበሩን በውኃ አጠበው፣ በሳሙና ፈተገው፣ ሽቶ ነፋበት። ለግማሽ ቀን ደህና መሰለ። በማግሥቱ ፀሐይ ሲመታው ሽታው በእጥፍ ተነሣ። ብርሃኑ በበረኪና ቢፈትገው ክሬሙ ጨርቅ ወየበ እንጂ ሽታው ንቅንቅ አላለም። ከሰል አስቀመጠበት፣ ሎሚ ጨመቀበት። በሦስተኛው ቀን ቸግሮት አፑን ከፍቶ ሥራ ወጣ። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ ገርጂ ሳይደርሱ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ያውርዱኝ! ምን ጭነውበት ነው?» አለች። ሁለተኛው በሩን ከፍቶ ሳይገባ መልሶ ዘጋው። ከሰዓት ላይ ከድርጅቱ መልእክት መጣ፤ ቅሬታ ስለቀረበበት ሥራው ለጊዜው ታግዷል። ምንትዋብም ደወለች። «እሑድ ከቅዳሴ መልስ እመጣለሁ፤ መኪናዬም ናፈቀችኝ» አለች። ልጁን እንዳደረሰ ነግሯታል። ወንበሩ ምን እንደሆነ ግን አልነገራትም።

ሰብሊን የጠቆመው አንድ ሾፌር ነው። ቦሌ ሚካኤል፣ ብየዳ ቤቶች መሃል፣ በቆርቆሮ የታጠረች ግቢ ውስጥ የመኪና የውስጥ እጥበት ትሠራለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። በሩን ከፍታ አንገቷን አስገባች፤ እንደ ሌላው ሰው ግን አልሸሸችም።

«ደም ነው» አለች። «የማን ነው ጋሼ?»

ነገራት። እስኪጨርስ ጠብቃ፣ «አሥራ አራት ሺህ ይሆናል» አለችው።

«ልጄ፣ ወንበር እጠቢልኝ ነው እኮ ያልኩሽ። ሰፈር አራት መቶ ብር ነው የከፈልኩት።»

«ለዚያ ነው እንዲህ የሆነችው። ላይ ላዩን በውኃ ሲያጥቡት ደሙ ከውኃው ጋር ወደ ስፖንጁ ወረደ። አሁን ወንበሩ ይወልቃል፣ ምንጣፉ ይነሣል። ስፖንጁን ቆርጬ ጥዬ በአዲስ እተካለሁ፤ ጨርቁም ይታጠባል፣ የወየበውም ይቀየራል። ብረቱና ወለሉ በእንፋሎት፣ ከዚያ በመድኃኒት ይታጠባል። ሁለት ቀን ሙሉ እኔና ሠራተኛዬ ሌላ መኪና አንነካም። ከዚህ ካነስኩልዎት አንዱን ሥራ ዘልዬ ነው፤ የዘለልኩት ደግሞ በሳምንቱ ይሸትዎታል።»

«ስምንት አድርጊልኝ። ሥራ ፈትቼ ቤት ቁጭ ብያለሁ። እለምንሻለሁ።»

ሰብሊ ወንበሩን አየች፤ እሱን አየች። «አሥራ ሁለት። ከዚያ በታች ለአባቴም አልችልም።»

ብርሃኑ ግቢው ውስጥ ያለ ብሎኬት ላይ ተቀመጠ። ለአንድ ወንበር የሁለት ወር አስቤዛ! ለገንዘቤ ደወለላት። እሷም፣ «ለትልቋ ምርቃት ያስቀመጥኳት አለች፤ ውሰዳት። ሌላ ምን ምርጫ አለን?» አለችው።

በማግሥቱ ጠዋት ሥራው ተጀመረ። ሰብሊ ጓንትና ማስክ አድርጋ የኋላውን ወንበር ፈትታ አወጣች። ትንሽ ቆይታ ጠራችው። በወንበሩ መቀመጫና መደገፊያ መሃል ተቀርቅሮ የቀረ፣ የጠቆረ ላስቲክ ይዛለች።

«ላስቲክ አንጥፈው ነበር እንዴ?»

ብርሃኑ አየውና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። «አዎ።»

«እሱ ነው ያባሰው። ደሙ በላስቲኩ ጠርዝ ፈስሶ በስፌቱ ገብቷል። ባያነጥፉት ይሻል ነበር።»

ስልኩ የጮኸው በዚህ መሃል ነው፤ የማያውቀው ቁጥር ነበር።

«አቶ ብርሃኑ ነዎት?» አለች አንዲት ሴት። «ስልክዎን መርማሪው ነው የሰጠኝ። ሐሚዳ እባላለሁ። የሰዲቅ እናት ነኝ።»

ከብሎኬቱ ተነሣ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት እህቴ።»

«አሚን። ልጄ የነበረባትን መኪና ማየት እፈልጋለሁ። የት ልምጣ?»

መዋሸት አልቻለም፤ ያለበትን ነገራት። ስልኩን እንደዘጋ ወደ ሰብሊ ሮጠ። «ቶሎ በይ፣ እናቱ መኪናዋን ማየት እፈልጋለሁ ብላ እየመጣች ነው! ምንም እንዳይታይ አድርጊልኝ፤ ጠብ ያለ ነገር እንዳታይ።»

ሰብሊ ቀና አለች። «ማየት ነው የምፈልገው አላሉም እንዴ?»

«ይህን ማየት የምትፈልግ እናት የለችም። ዝም ብለሽ እጠቢ!»

ሰብሊና ሠራተኛዋ ተጣደፉ። ስፖንጁን እየቆራረጡ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቀጠቁና ቆሻሻ ሰብሳቢዎች እንዲወስዱት በሩ አጠገብ አቆሙት። ከዚያ ብረቱንና ወለሉን በውኃ መምታት ጀመሩ። ብርሃኑም መጥረጊያ አንሥቶ ውኃውን ወደ ቦዩ ይገፋ ጀመር።

ሐሚዳ ካሰበው ሰዓት ቀድማ ደረሰች። ቀጭን ሴት ናት፤ ጥቁር ጅልባብ ለብሳ ብቻዋን በሩ ላይ ቆማለች። የማሽኑ ጩኸት ስለነበር ማንም መምጣቷን አላየም። ቀላ ያለው ውኃ በሲሚንቶው ላይ ወርዶ ጫማዋን እየነካ ወደ ቦዩ ይገባል። ጫማዋን ከውኃው ሳታነሣ ቁጭ አለችና መዳፏን ውኃው ላይ ዘረጋች።

መጀመሪያ ያየቻት ሰብሊ ናት። ማሽኑን አጠፋች።

«ይሄ እሱ ነው?» አለች ሐሚዳ።

ብርሃኑ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«እጠይቃችኋለሁ እኮ! የምታፈሱት ልጄን ነው?»

«እንዳያዩት ብዬ ነው፣ እህቴ። እንዳይብስብዎት ብዬ…»

«ማን ፈቀደልዎት?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ወንዶቹ አጥበው፣ ከፍነው ወሰዱት፤ እኔ ፊቱን ብቻ ነው ያየሁት። ልብሱን ጣቢያ ያዙት። መኪናው ውስጥ ደሙ አለ ሲሉኝ፣ ሄጄ አምጥቼ ከጎኑ አስቀብረዋለሁ አልኩ። ከሁለት ሳምንት በላይ በየጣቢያው ስመላለስ እሷን ተስፋ ብቻ ነው የያዝኩት። የሰው ደም እኮ ነው። ያ ረቢ፣ የሰው ደም እኮ ነው፣ ከቆሻሻ ጋር አይሄድም።»

ሰብሊ ማስኳን አውልቃ ወደ በሩ ሮጠችና ማዳበሪያውን እየጎተተች አመጣችው። «እማማ፣ ስፖንጁ ይኸው። አልሄደም። ብዙው እዚህ ውስጥ ነው ያለው።»

ሐሚዳ ማዳበሪያውን እንዳለ አቀፈችው። እርጥብ ነው፤ ጅልባቧን አበሰበሰው። አላለቀሰችም፤ ልክ እንደ ታመመ ሰው እያቃሰተች አቅፋው ቆየች። ብርሃኑ የሚገባበት ጠፍቶት ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሰብሊ ሌላ ማዳበሪያ ከላይ አልብሳ በገመድ አሰረችላትና ወደ እሱ ዞራ፣ «ይህን ይዘው ታክሲ ላይ አይወጡም፤ ፊት ወንበሩ ደህና ነው፣ ያድርሷቸው» አለችው።

የኋላ ወንበር በሌላት መኪና ተነሡ። ሐሚዳ ከፊት፣ ማዳበሪያው ጭኗ ላይ። ቀለበት መንገዱን ሲይዙ፣ «ሲናገር ነበር ብሎኛል መርማሪው» አለች። «ምን አለ?»

«‹ወንበርዎን አበላሸሁብዎት አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ› አለኝ።»

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ ወጣት። «እሱ ነው! ሲታመም እንኳ ስለ አንሶላው ነው የሚጨነቀው። እርስዎስ ምን አሉት?»

«‹አይዞህ ልጄ› አልኩት።»

እውነቱን ነው። እዚያ ላይ ቢያበቃ ያልፍለት ነበር። ሴትዮዋም እያመሰገነችው ትወርድ ነበር። ግን አሥራ ምናምን ቀን ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር አላስተነፍስ አለው።

«እህቴ፣ ለሚስቴም ያልነገርኳት ነገር አለ። ወዲያው አላስገባሁትም። ወንበሩ ታየኝ። መኪናዋ የእህቴ ናት። ከኋላ ኮፈን ላስቲክ አውጥቼ እስካነጥፍ መሬት ላይ ትቼው ነበር። ላስቲኩ ተጣብቆ አልዘረጋ አለኝ። ልጁ የማደርገውን ያይ ነበር። ይቅርታ ያለኝ ለዚያ ነው።»

ሐሚዳ ወደ ፊት እያየች፣ «ስንት ደቂቃ?» አለች።

«እንጃ። ሦስት። አራትም ሊሆን ይችላል።»

«ሐኪሙ ‹ልጁ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርስ ኖሮ› ብሎኛል።»

«ለእኔም ብሎኛል።»

«ያቁሙት።»

መገናኛ ሳይደርሱ ዳር ያዘ። ማዳበሪያውን አቅፋ ወረደች። እሱም ተከትሎ ወርዶ ፊቷ ቆመ። «ይምቱኝ» አላት። «ይስደቡኝ። የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

«ይህን ለምን ነገሩኝ?» አለች። «እስከ ዛሬ ልጄን የገደለብኝ አንድ ሰው ነበር። ሰግጄ እሱን እረግማለሁ፤ እርስዎን ደግሞ አመሰግናለሁ፣ ዱዓ አደርግልዎታለሁ። አሁን እርስዎን ምን ላድርግዎት?»

መኪኖች ጥሩንባ እየነፉባቸው ያልፋሉ። ማዳበሪያው ከእጇ እየከበደ ሲንሸራተት ሊረዳት እጁን ዘረጋ፤ ሸሸችው። በዚያ ዕቃ የሚያሳፍራት ሌላ መኪና እንደማይኖር ሁለቱም ያውቃሉ። ብዙ ቆማ በሩን ራሷ ከፍታ ገባች።

«ይንዱ» አለች።

ለሚ ኩራ፣ የምትኖርበት ኮንዶሚኒየም በር ላይ ወንድሟ ሐሩን ጠብቆ ማዳበሪያውን ተቀበላት። ሐሩን የብርሃኑን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ «አላህ ይስጥልን አባቴ፤ ሌላው ጥሎት ሲሄድ እርስዎ ነዎት የቆሙለት» አለው። ሐሚዳ ሰማች፤ ሳታርመው ደረጃውን ወጣች።

ሰብሊ ሥራዋን ጨረሰች። መኪናዋ ምንም አትሸትም፤ ሽቶ እንኳ አትሸትም። እሑድ ምንትዋብ መጥታ ጨርቁን ዳበሰችና፣ «አዲስ አስመሰልካት እኮ! ጎበዝ» አለች። ብርሃኑ ወደ ጓዳ ገብቶ ውኃው እስኪያልቅ ፊቱን ሲታጠብ ቆየ። አፑም ተከፈተለት። ሰው ሲገባ ሲወጣ «እንዴት ንጹሕ መኪና ነው» ይለዋል።

ከወር በኋላ ሲኖትራኩ በአንድ ሕንፃ ካሜራ ተለይቶ ተያዘ፤ ክስ ተመሠረተ። በመጀመሪያው ችሎት ዋዜማ ሐሚዳ ደወለች። «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ይምጡ። አብረን ነው የምንሄደው።» ሰላም እንኳ አላለችውም።

መጣ። ከፊት ሊያስቀምጣት በሩን ቢከፍትላት አልፋው ከኋላ ገባች። ልጇ የተኛው በየትኛው በኩል እንደነበር ጠየቀችው፤ አሳያት። እዚያው ተቀመጠች። ችሎቱ ተቀጠረ። በሚቀጥለውም ተቀጠረ። በየቀጠሮው ያመላልሳታል፤ እሷም በየመንገዱ ያንኑ ትጠይቀዋለች።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» ትለዋለች።

ይነግራታል፤ ሦስቱ መኪኖች ቀዝቀዝ ብለው እንዳለፉ፣ እሱ እንደቆመ። ላስቲኩ ጋ ሲደርስ ያቆማል። ሐሚዳ ከኋላ ትጠብቀዋለች፤ ለማለፍም አትፈቅድለት፣ ይብቃም አትለው።

«እሺ» ትለዋለች፣ «ላስቲኩን ሲያወጡ እሱ ወዴት ነበር የሚያየው?»