ማዶውን ዝጋልኝ

ቡሎን መቼም የሚያልቀው ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው። አናጢዋ በከተማው የተፈጥሮ ፓርክ፣ በገደሉ ላይ የተዘረጋውን የእግረኛ ድልድይ ሳንቃ ስትቀይር ሰንብታ፣ መሀል ላይ ጥቂት ሲቀራት ቡሎኑ ጥርግ ብሎ አለቀ። የቀሩትን ሳንቃዎች ልካቸውን ለማየት ብላ ቦታ ቦታቸው ላይ ደርድራቸው ነበር። ማንሳት ነበረባት፣ ግን ደክሟታል። አሁን መጥቼ አስራቸው የለ እንዴ ብላ ተወቻቸው። ስንፍና እንዲህ ነው፤ ሲመጣ ስሙን አይናገርም። ከላይ ሲያዩት ያለቀለት ድልድይ ነው፤ የረገጠውን ግን እስከ ወንዙ ድረስ የሚይዘው ነገር የለም።

በእሷ በኩል ያለውን መግቢያ በገመድ ዘጋች። ለወዲያኛው ደግሞ እዚያ በር ላይ ለሚቀመጠው ጥበቃ ስልክ ደወለች። ይሄን ጥበቃ ሰው ሁሉ «እሺታ» ነው የሚለው፤ የሚያውቃት ቃል እሷ ብቻ ናትና።

«ድልድዩ አላለቀም። ማዶውን በገመድ ዝጋልኝ፣ ሰው እንዳይገባ» አለችው።

«እሺ እትዬ» አለ።

ልቧ አርፎ ቁልቁል ወደ መጋዘኑ ወረደች። መጋዘኑ ከታችኛው መግቢያ አጠገብ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። አካፋው፣ የሞተር መጋዙ፣ ዝናብ ያጠባቸው የአቅጣጫ ምልክቶች፣ ሁሉም እላይ በላይ ነው። ዳዶና ቡሎን የተቀላቀለበትን ጣሳ መሬት ላይ ዘርግፋ ስትለቅም፣ እሺታ ላቡን እየጠረገ በበሩ ብቅ አለ።

«ዘጋሁልሽ እትዬ» አለ። «ግን አንቺም ዘግተሽው ነበር። ታስሮ አገኘሁት፣ እኔም ደረብኩበት።»

ቀና ብላ አየችው። «የቱን ነው የደረብክበት?»

«ማዶውን ነዋ። በታች በኩል ወንዙን በድንጋይ በድንጋይ ተሻግሬ መጣሁ። አይ፣ ሩቅ ነው እኮ።»

አናጢዋ ክው አለች። ማዶ! እሷ እዚህ ቆማ ማዶ ስትል የእሱን በር ማለቷ ነው፤ እሱ እዚያ ቆሞ ማዶ ሲባል የእሷን በር ሰማ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ጉዱም እሱ ነው። አንዱ በር በሁለት ገመድ ታስሯል፣ ሌላው ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«በርህ ላይ ማን አለ?» አለችው።

«ማንም የለም። ስወጣ ብቻ አባትሽን አገኘኋቸው። የልጄን ሥራ ልየው ብለው ሲገቡ ነበር። ቀስ እያሉ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በከዘራቸው እየነኩ...» ፊቷን ሲያይ ወሬውን አቆመ። «ልደውልላቸው?»

ለአባቷ መደወል ለግድግዳ መደወል ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የዚህን ፓርክ መንገድ ዛፍ እየቆረጡ የሚጠርጉ ሠራተኞች አለቃ ነበሩ፤ የሞተር መጋዝ ጆሯቸውን ከበላው ቆይቷል። ስልካቸውን የልጅ ልጆች ይጫወቱበታል።

ጥያቄውን ሳትመልስ እግሬ አውጪኝ ብላ ሽቅብ በረረች። ዳገቱን በገዛ እጇ ነው ደረጃ ያበጀችለት፤ የጎርፍ ማስወገጃውን ቦይ እሷ ቆፍራለች፣ ግንዱን እሷ አጋድማለች። ዛሬ ግን እንደ ጠላት አገር ሆነባት፤ እያንዳንዱ እርከን ያደናቅፋታል። አባዬ ቀርፋፋ ናቸው፣ አበባ ባዩ ቁጥር ይቆማሉ፣ አልደረሱም ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ ደርሰዋል፣ አልፈዋል፣ ወንዙ ውስጥ ናቸው ይላታል ሆዷ። ባርኔጣቸው ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ታያት። የለም፣ የለም እያለች ሮጠች።

ደረሰች። አባቷ ድልድዩ ላይ ናቸው።

ከወዲያ ወደ እሷ እየመጡ ነው። የእጅ መደገፊያውን እየዳሰሱ፣ እንጨቱን በጣታቸው እየቆረቆሩ፣ ደስ ብሏቸው። ያልታሰሩት ሳንቃዎች ከፊታቸው ናቸው። «አባዬ!» ብላ ጮኸች። ያው ነው፤ ለማን ብላ። ነፍሷን ሳታውቅ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች፣ መዳፏን ገልብጣ፤ ቁም፣ ተመለስ፣ ማንም ሰው እንደሚያደርገው።

አባቷ አዩዋት። ፈገግ አሉ፣ ከዘራቸውን አነሱላት፣ እርምጃቸውንም ጨመሩ።

ያኔ ምን እንዳደረገች ገባት። በመጋዝ ጩኸት መሀል የሚነጋገሩበት የሠራተኞቹ ምልክት አለ፤ ያስተማሯትም እኚሁ ናቸው። እጅ ወደ ላይ ማለት «ጸድቷል፣ ና» ማለት ነው። ለማቆም የሚፈልግ ሰው መሬት ላይ ቁጭ ይላል። ሰው ዝንብ ለማባረርም እጁን ያነሳል፣ በሥራ ሰዓት ዝም ብሎ መሬት ላይ የሚዘፈዘፍ ግን የለም ይሉ ነበር። እና አሁን በገዛ እጇ አባቷን ና ብላ ጠርታቸዋለች።

ሰውነቷ ሁሉ ሩጪ፣ ያዣቸው ይላታል። ብትሮጥ ግን ድልድዩ ይናወጣል፣ ሳንቃው ይንሸራተታል። አባቷ ወደ ሞት ሲራመዱ እያየች ቁጭ ማለት፣ ይሄ እንዴት ያለ ነገር ነው? ጉልበቷ እንቢ አለ። በግድ አጠፈችው። አፈሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፣ ዓይኗንም ከእግራቸው ላይ አልነቀለችም።

አንድ እግራቸው አየር ላይ ነበር። እዚያው ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ የታሰረው ሳንቃ ላይ አረፈ። አባቷም በአለቃ ወግ፣ ምልክቱን ማየታቸውን ለመንገር፣ መደገፊያውን ይዘው እዚያው ቁጭ አሉ።

አናጢዋ በሁለቱ ገመዶች ሥር በደረቷ ተስባ አለፈች። በጉልበቷ እየዳኸች ያልታሰሩትን ሳንቃዎች አንድ በአንድ አንስታ ወደ ኋላዋ ጎተተች። ሳንቃ በተነሳ ቁጥር ከሥሩ ወንዙ ይታያል፤ በጣም ሩቅ ነው። አባቷ አንገታቸውን አስግገው ቁልቁል አዩ። በመጨረሻ በመካከላቸው ክፍቱ ብቻ ሲቀር፣ ጆሮው እንደማይሰማ ሰው ጮክ ብለው ተናገሩ።

«ና ብለሽኝ አልነበረም እንዴ?»

«ፈርቼ ነው አባዬ» አለች፤ ከንፈሯን አነበቡ።

«እኔኮ የማንንም ድልድይ ሳልረግጥ በፊት አጎንብሼ ቡሎኑን አያለሁ። ስሠራ የኖርኩት እንደዚያ ነው።» ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና በኩራት ፈገግ አሉላት። «የዛሬውን ያላየሁት ያንቺ ስለሆነ ነው።»

ሙገሳ መሆኑ ነው፤ ከልባቸው ነው ያሉት። እሷ ግን አጎነበሰች፣ በገዛ እጇ ያሰረቻቸውን ሳንቃዎች ቡሎን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ማየት ጀመረች።