የዱባዎቹ ሠርግ

ዱባዎቼ ፍሬ መያዝ ያቃታቸው በእኔ በራሴ ጥፋት ነው። አሁንም ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም ከእኔ አፍ ይውጣ። ጎረቤቴ የሺመቤት ካወራችው ጨው በርበሬ ትጨምርበታለች።

ጊዜው ሰባ ሰባት ነው፣ የረሃቡ ዘመን። ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ በነበረው መጠለያችን፣ ከውሃ ቧንቧው በታች፣ የሰው እጣቢ የሚወርድባት አንዲት ጭቃ መሬት ነበረች። ከመተማ ስንሰደድ በቀሚሴ ጫፍ ቋጥሬ ያመጣሁትን ዘጠኝ የዱባ ዘር እዚያ ተከልኩ። ስምንቱ በቀለ። ሐረጉ የሽቦ አጥሩን ይዞ ወጣ፣ አበባውም ቢጫ በቢጫ ሆነ። ፍሬ ግን የለም። አውራ ጣት የምታህል ዱባ ብቅ ትልና ጠውልጋ ትረግፋለች።

የመጠለያው ሹም፣ ሙዲሩ፣ አንድ ቀን መጣና ዞር ዞር ብሎ አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን በየቀኑ ሎሪ ሙሉ ስደተኛ ይራገፍበታል።

«አሰጋሽ፣ እዚህ ሁለት ድንኳን ይቆማል። ያለሽ ቅጠል ብቻ ነው» አለኝ።

«ያፈራል ሙዲር። አንድ ወር ይስጡኝ።»

«ጠይብ፣ እሺ። ለሥራ ኸሽም ኤል ቂርባ እሄዳለሁ። ስመለስ ዱባ ካየሁ መሬቱ ያንቺ ነው። ካላየሁ ኸላስ፣ ይነቀላል።»

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቤቴ ቀርቷል። ባሌን እንግዳውን ገዳሪፍ ሳንደርስ መንገድ ላይ ቀብረነዋል። ከዚያች ጭቃ በቀር የእኔ የምለው ነገር አልነበረኝም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው የያዝኩት ቅንጠሳ ባሰብኝ። ጧት ጧት ተነስቼ ከሥሩ ትንሽ ዱባ የሌለውን አበባ ሁሉ «ይሄ ሥራ ፈት፣ የእናቱን ጉልበት የሚበላ!» እያልኩ እቀነጥሳለሁ። ከጎመን የተማርኩት ነው፤ ጎመን አበባው ካልተቀነጠሰ ቅጠሉ ይደርቃል። የሺመቤት ደግሞ የቀነጠስኩትን በሻሿ ተቀብላ ከቅንጬዋ ጋር ትቀቅለዋለች። ሁለታችንም ጎበዝ ነን ብለን ነበር።

በአህያ ጋሪ እንጨት የሚሸጥ ኸሊል የሚባል ሽማግሌ ነበር። በፊት ሀዋታ የሚባል ቦታ ያርስ ነበር፤ ድንበሩ ላይ፣ ገላባት ሲነግድ የለቃቀማት አማርኛም አለችው። አንድ ጧት አጥሩን ተደግፎ ሲያየኝ ቆየና፣

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ወንዱ የት አለ?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ሌላ ጊዜ አንቱ የምለውን ሰውዬ፣ «አንተ ምን አገባህ? ወንዱ ሞቷል! ሴት ብቻዋን አትክልት አትተክልም ያለህ ማነው?» አልኩት።

ግራ ገባው። «ሞተ? ማን ገደለው?»

«ረሃብ!»

«ላ፣ ላ፣ አይደለም። አንቺ ነሽ የገደልሽው።» እጁን ዘርግቶ ከየሺመቤት ሻሽ ላይ አንድ አበባ አነሣ። «ይሄ ወንድ ነው። ከሥሩ ዱባ ያላት ሴት ናት። ወንዱን ሁሉ ቆርጠሽ ልጅ ከየት ይመጣል?»

የሺመቤት ሳቋ አላስቆም ብሏት መሬት ላይ ዘጭ አለች። እኔም ስስቅ ቆየሁና ሳላስበው ሳቁ ለቅሶ ሆነብኝ። ለባሌ ለእንግዳው የወግ ለቅሶ አላለቀስኩለትም ነበር፤ በስደት መንገድ ላይ ለዚያ ጊዜ የለም። ኸሊል እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ የወንዱን አበባ ልባስ ገፈፈና ዱቄቱን በሴቷ አበባ ውስጥ ቀስ አድርጎ አሸ። «በዚህ አቧራ ንብ የለም። ንቧ አንቺ ነሽ» አለኝ።

በማግስቱ የመጀመሪያዋን ራሴ ዳርኳት። የሺመቤት እልልታዋን አቀለጠችው። ቧንቧ ላይ የነበሩት ሴቶች ማን አገባ ብለው ጀሪካናቸውን ጥለው መጡ፤ ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት ሠርገኛ አላጣሁም። በሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ዳርኩ። አራቱ ጨነገፉ። ሰባቱ ግን ያዙ፤ መጀመሪያ እንቁላል፣ ቀጥሎ ጡጫ፣ ኋላም ድስት የሚያህል ሆኑ።

ሙዲሩ ወሩ ሲሞላ ሁለት ድንኳን ሎሪ ላይ ጭኖ መጣ። እኔም ቅጠሉን ገለጥኩለት። ቁጢጥ ብሎ አንዱን ዱባ በጣቱ መታ መታ አደረገና ቀና ብሎ ሠራተኞቹን፣ «ድንኳኑን ወደ ላይ ውሰዱት» አላቸው። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ፤ የሺመቤትን ተሸክሜ ልዞር ምንም አልቀረኝም!

የዚያኑ ቀን ትልልቆቹን ሁለት ዱባዎች ቆርጬ በግማሽ በርሜል ቀቀልኳቸው። ዓመት ሙሉ ሳህን ይዘን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ሌላው የሰፈረልንን ስንቀበል ነው የከረምነው። ያን ቀን ጭልፋው በእኔ እጅ ነበር። ሰዉ ተሰለፈ። ሙዲሩ ሽታው ጠርቶት ሳህን ይዞ ከፊት ገባ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ሙዲር፣ እዚህ የማድለው እኔ ነኝ። ከኋላ ይሰለፉ» አልኩት።

ሳቀ። ሳህኑን ይዞ ሄደና ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ።