የማይቆመው ነጥብ

ልጅ ሳለሁ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ የሰማሁት የእናቴና የአባቴ ወሬ አለ። አባቴ ለሥራ ራቅ ወዳለ አገር ሊሄድ ቦርሳውን እየዘጋ ነበር። እናቴ፣ «የት እንዳለህ ባውቅ ልቤ ያርፍ ነበር» አለች። እሱም፣ «ብታውቂ ደግሞ እዚያ ምን ትሠራለህ ትይኛለሽ» አላት። ከዚያ በኋላ አንድ የሚያስቅ ነገር የተባባሉ ይመስለኛል፤ ሳቁን አስታውሳለሁ፣ ቃሉ ግን ጠፍቶብኛል። ማን እንደረታም አላውቅም።

ይህ ወሬ ትዝ ያለኝ በታላቅ እህቴና በባሏ መካከል ለሽምግልና ስገባ ነው።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። «ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጬ ነው የሠራሁት፤ አሁን እግር እንዳለኝ ልወቅ» ብሎ በየቅዳሜው ከከተማው ጀርባ ያለውን ተራራ ብቻውን ይወጣል። ሲመለስ ፊቱ ገላውን እንደታጠበ ሕፃን ያበራል። ባለፈው ክረምት ግን ድንጋይ አንሸራትቶት እግሩ ወለም አለውና እስኪመሽ ድረስ ማንም ሳያገኘው ቀረ። በማግስቱ እህቴ የተራራ ጫማውን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

«ወይ የት እንዳለህ አውቃለሁ፣ ወይ ቤትህ ትቀመጣለህ» አለችው።

«እንግዲያው መሞቴ ነው» አለ ጋሼ። ቀልድ አልነበረም። ያ ተራራ ከቀረበት ሶፋው እንደሚውጠው ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እኔ የስፌት ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ማንም ሳያስተምረኝ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት፤ ስልክንም እንደዚያው። ሁለቱንም ወገን ሰምቼ ሰምቼ፣ የጋሼ ስልክ ላይ አንድ መተግበሪያ ጫንኩለት። ያለበትን ቦታ በጂፒኤስ እየለቀመ ወደ አንድ ድረ ገጽ ይልካል፤ ሊንኩ ያለው ሰው ገጹን ሲከፍት ካርታው ላይ ሰማያዊ ነጥብ ስትሄድ ያያል፣ ያለፈችበትም መንገድ በቀይ መስመር ይቀራል። እህቴ ሳሎን ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተችው። ቁልፉም ከአንገቷ ወረደ።

ጣጣው የመጣው ሊንኩን ለቤተሰቡ ግሩፕ ስትልከው ነው። አክስታችን ከፈተች፣ ለጎረቤቷም አሳለፈችው፣ እህቴ የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ባለቤት ሳይቀር ከፈተ። ቅዳሜ ሲደርስ ሰው ሁሉ ጋሼን እንደ ኳስ ጨዋታ ይከታተል ጀመር።

«ምን ሆነሃል?» ትለዋለች እህቴ፣ ነጥቧ ቆም ስትል ደውላ።

«ተቀምጬ ነው።»

«ለምን?»

«ሰው ለምን ይቀመጣል? ደክሞኝ ነዋ።»

«ከደከመህ ተመለስ።»

ስልኩን ገና ሳይዘጋ አክስታችን ትደውላለች። «ከመንገዱ ወጥተሃል፣ የኔ ልጅ። ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተሃል።»

«እትዬ፣ ሰው ቁጥቋጦ ውስጥ የሚገባበት የራሱ ጉዳይ አለው።»

በአንዱ ቅዳሜ ግን ነጥቧ አልቆም አለች። «አየኸው? ዛሬ ጎረምሳ ሆኖ የለ» አለች እህቴ። እኔ እዚያው ሳሎን የእሷን የስፌት ማሽን ፈትቼ ዘይት እየቀባሁ ነበር። እጄን ጠርጌ ካርታውን አቀረብኩት። ቀዩ መስመር አንድ ቦታ ላይ ዞሮ፣ ዞሮ፣ ከመርፌ ሥር እንደተተበተበ ክር ሆኗል።

«እታለም፣ ወደፊት አይሄድም እኮ። እየዞረ ነው።»

ፊቷ ልውጥ አለ። «ራሱን ስቶ ነው» አለች። ደወለች፤ አያነሳም። ደገመች፤ አያነሳም።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ተጠርቶ በመኪናው ከተራራው ሥር አደረሰን። እህቴ የቤት ጫማ እንዳደረገች ነው የወጣችው። እኔ በስልኬ ነጥቧን እያየሁ ከፊት እመራለሁ፤ በልቤ፣ «አደራህን፣ አንተው ጠብቀው» እላለሁ። እሷ ከኋላዬ እያለከለከች፣ «ምነው ጫማውን ባልሰጠሁት» ትላለች።

ደረስን። ጋሼ ቦርሳውን አዝሎ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ይዞራል። በአንድ እጁ ዳቦ፣ በሌላው በፔርሙዝ ክዳን ሻይ ይዟል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። እኛን አይቶ እንኳ አልቆመም።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ምሳ እየበላሁ።»

«አርፈህ ተቀምጠህ አትበላም?»

«ከተቀመጥኩ ትደውላላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጉርሻ ለመዋጥ ስንቴ ሃሎ እንዳልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ስልኩን ድምፁን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ነጥባችሁ እንዳትቆምባችሁ ደግሞ ይኸው እያዞርኩላችሁ ነው።»

እህቴ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ሳቅ ቀደማት። ወዲያው እርምጃው ሲጎተት አየችና ሳቋ ተቋረጠ። ክንዱን ይዛ ቋጥኙ ላይ አስቀመጠችው፤ እሷም ከጎኑ ተቀመጠች።

ቦታውን ልብ ያለችው ያን ጊዜ ነው። ከታች የከተማው ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ነፋሱ ላብ ያደርቃል። ከወፍ ድምፅ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም።

«እዚህ ነው የምትቀመጠው?»

«ስትተዉኝ።»

የእሷ ስልክ ጮኸ። አክስታችን ናት።

«ነጥቡ ቆመ። ምን ሆነ?»

«ደህና ነው፣ አብሬው ነኝ። ተቀምጠን ነው።»

«ለምን ትቀመጣላችሁ?»

እህቴ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ አየችው። «እንዲሁ ነው» አለችና ዘጋችው። አፍታም ሳይቆይ የአክስታችን ጎረቤት ደወለች። አላነሳችም።

ጋሼ ሻዩን ፉት አለ። «ከላይ የሚያየኝ እንዳለ አምናለሁ» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «ግን ዋርሳዬ፣ እሱ አንድ ቀን እንኳ ለምን ተቀመጥክ ብሎኝ አያውቅም።»

እውነቱን ለመናገር፣ በሆዴ አሜን ብያለሁ።

«ስልኩን ጥዬ እወጣለሁ እንዳትል ብቻ» አለች እህቴ።

«አልልም። እግሬ ወለም ያለኝ ቀን እኔም ፈርቻለሁ። ብታዪኝ አልጠላም። መቀመጤን ግን ፍቀጂልኝ፤ አለዚያ ይሄን ተራራ ራሴው እጠላዋለሁ።»

እህቴ ቁልቁል ወደ ከተማው አየች። እኔ ልመክራት ምላሴን አሳክኮኝ ነበር፤ ዋጥ አደረግኩት።

«ሊንኩን ከግሩፑ አጥፋው» አለችኝ በመጨረሻ።

«ከአክስታችንም?»

«ከሁሉም። እኔ ብቻ ልየው።» ወደ ባሏ ዞረች። «ነጥቧ ብትቆምም አልደውልም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እዚያው ቆማ ካየኋት ግን፣ መጥቼ ጆሮህን ይዤ ነው የማወርድህ።»

«እንቅልፍ ቢወስደኝስ?»

ቋጥኙን በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አደረገችው።

«ተኛ» አለች። «እኔ ነጥቧን እያየሁ ሥራዬን እሠራለሁ።»