የሜላት ስልክና ሰባት ቤት

ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ቆጥረው ጨርሰዋል። እኔና ስመኘው የትም አንገናኝም። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ከዚያ የአጎቴ ልጅ ሜላት ከዩኒቨርሲቲ እኛ ጋ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም መጣች። ስልኳ ፊት አይቶ ዝምድና ይለያል። ከሽምግልናው ቀን ፎቶ የሁለታችንን ፊት ቆርጣ አስገባች። «ዘመዳሞች» አለ።

«ወንድምሽን ልታገቢ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

አባቴ አልሳቀም።

«አባዬ፣ ስልክ ነው እኮ።»

«እኔ የጠረጠርኩት ስልኩን አይደለም። ቆጣሪዋን ነው።»

የስመኘውን የእናት ወገን ያስቆጠሩት እናቱ ናቸው፣ ወይዘሮ ደጊቱ። በማግስቱ እኔና አባቴ ቡሬ፣ ቤታቸው ሄድን። ስመኘውም ነበር።

«የሜላት ስልክ ልጆቹን ዘመዳሞች ብሏል፤ እስቲ እንደገና ይቁጠሩልን» አላቸው አባቴ።

በአባታቸው በኩል እንደ ዳዊት ወረደላቸው። በእናታቸው በኩል ሲደርሱ ውሃ ጠጡ። የእናታቸውን አባት ባለፈው ቂርቆስ ብለውን ነበር። አሁን ተስፋው አሉ።

አባቴ አየኝ። «እናትዎ ስንት አባት አላቸው?»

ስመኘው ተነሳ። «ጋሽ አብተው፣ ይሄማ ስድብ ነው።»

«ተቀመጥ» አሉት እናቱ። ቀና አላሉም። «ስልኩ ካወቀ ምን እደብቃለሁ። እናቴ አባቷን አታውቅም። ገበዝ ማርያም የሚባል አገር ዲቃላ እየተባለች ነው ያደገች። ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁለት።»

ስልኩ ግን አልተዋጠልኝም። ፊታችን የተቆረጠው ካንድ ፎቶ ነው፤ ግድግዳው አንድ፣ መብራቱ አንድ፤ ያ ይሆን ያሳሳተው? ወጥቼ ሜላት ጋ ደወልኩ።

«የአባዬንና ለሽምግልና የመጡትን ቄስ ፊት ከዚያው ፎቶ ቆርጠሽ አስገቢ።»

አስገባች። «ዘመዳሞች ይላል።»

ቄሱ የወሎ ሰው ናቸው። የእኔንና የስመኘውን ለየብቻ ከተነሳነው ፎቶ ስታስገባ ደግሞ፣ «አይዛመዱም» አለ።

ገብቼ ነገርኳቸው። ስመኘው እፎይ አለ። እናቱ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ታዲያ እኔን ምን አስለፈለፈኝ?»

አባቴ ጋቢውን ሰበሰበ። «ስልኩ ቢዋሽም ሰውየው አልታወቀም። ሰባት ቤት አልሞላም።»

ተናደድኩ። «ያ ሰው ለምን የእኛ ወገን ይሆናል? ከእኛ ዘር ገበዝ ማርያምን ማን ረግጦት ያውቃል?»

አባቴ የጋቢውን ጫፍ ይጠቀልል ጀመር።

«አባዬ?»

«አያቴ በቅሎ ነጋዴ ነበር» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ወንዙ ሲሞላ ገበዝ ማርያም ነበር የሚከርመው።»

ስመኘው እጄን ሊይዝ መጣ። ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ።