የብዙነህ ቁና

«የመጣነው ለማሟያው ነው» አለች ከፊት የቆመችው ሴት፣ ባዶ ስልቻዋን ከለቅሶው ዳስ ደጃፍ ላይ እየዘረጋች።

አልታዬ ከለቀስተኛው መሀል ቀና ብላ አየቻት። ሴትዮዋ ብቻዋን አልነበረችም፤ ከቆላ የወጣ ረሃብተኛ ከኋላዋ መንገዱን ሞልቶታል። ጊዜው የስልሳ ስድስት ጥር ነበር። ጠዋት መካነ ሰላም ገበያ ላይ ለፋፊው «በሟቹ እንደራሴ ምትክ ማሟያ ምርጫ ይደረጋል!» ሲል ሰምተዋል። ለራበው ሰው ማሟያ ማለት ጎዶሎ ቁና ላይ የሚጨመር እህል ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል?

«እናቴ፣ የእህል አይደለም» አለቻት። «ባለቤቴ ብዙነህ ሞቶ የፓርላማ ወንበሩ ስለጎደለ፣ ሌላ ሰው ምረጡ ነው የተባለው።»

«ወንበር ነው ለካ የጎደለው» አለች ሴትዮዋ፤ ስልቻዋን ጠቅልላ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። አልታዬ አፈረች።

በለቅሶው ደንብ የሟቹ ዕቃ ከዳሱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል፤ ካፖርቱ፣ ባርኔጣው። ከሥራቸው አንዲት የስንደዶ ቁና ተደፍታለች። ብዙነህ ለምርጫ ሲቀርብ፣ ፊደል ላልቆጠረው ገበሬ መለያ የሚሆን ምልክት ውሰድ ተባለ። ሌላው በአንበሳና በጎራዴ ሲሻማ እሱ ቁና መረጠ።

«ከአንበሳ ቁና!» ብላ አልታዬ ሳቀችበት።

«አንበሳ ማን ቤት አለ? ቁና የሌለበት ቤት ግን የለም» አላት። አሸነፈም። ዝናቡ የከዳ ጊዜ ፓርላማ ውስጥ ተነሥቶ «አገሬው ተርቧል» ሲል «ተቀመጥ!» የሚሉ ድምፆች ከኋላው ተሰሙ። አልተቀመጠም። ተመልሶ መጥቶ ከረሃብተኛው ጋር ሲውል ሲያድር ተስቦ ይዞት ሞተ። ሞኝ ነበር የሚሉ አሉ፤ ይበሉ።

ከሰዓት በኋላ ግራዝማች ክንፈ መጡ። ጎተራቸው ሞልቶ ሳለ ለማኝ ሲመጣ በር የሚያዘጉ ሰው ናቸው። «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ተቀመጡና ትንሽ ቆይተው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ወንበሩ ባዳ እጅ እንዳይገባ እኔ ልወዳደር ነው። ያቺን ቁና ግን ምልክቴ ላድርጋት፣ ፍቀጂልኝ። ሕዝቡ የሚያውቀው እሷን ነው።»

የአልታዬ ደም ፈላ። ቁናዋን ከወሰዱ፣ ያ ሁሉ ገበሬ የብዙነህን ሰው የመረጠ መስሎት እኚህን ሊመርጥ ነው።

«ቁናዋ ባለቤት አላት፣ ግራዝማች።»

«ባለቤቷማ ዐረፈ፣ ልጄ።»

«እኔ አለሁ። ርስት አለኝ፣ ዕድሜዬም ደርሷል። የምወዳደረው እኔ ነኝ።»

«አፈሩ ሳይደርቅ!» ብለው አማቷ ወይዘሮ ብርሀንነሽ ደረታቸውን ያዙ። ግራዝማች ሳቅ አሉ፤ አብሯቸው የሳቀ ግን አልነበረም። ከጥግ የተቀመጡት ጎረቤቷ ሼህ ጀብሪል ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አብሽሪ ልጄ! ወላሂ ደግ ተናገርሽ።»

ብዙነህ ይህን ቢሰማ እንዴት ይስቅ ነበር ብላ አሰበችና እንባዋ መጣ። ናፈቃት። እንባዋን ሳትጠርግ ተነሥታ ብዙነህ በሞተ ዕለት አማቷ የደፏትን ቁና አቀናች። ጎረቤት ያመጣላትን፣ ከጉሮሮዋ አልወርድ ያላትን ንፍሮ ገለበጠችባት። ወደ ደጃፉ ወጥታ ከሴትዮዋ ፊት አስቀመጠቻት። ቁናዋ ከግማሽም አልደረሰች።

«አልሞላም» አለች አልታዬ። «ማሟያው ይቀረኛል።»

ሴትዮዋ የጠቀለለችውን ስልቻ መልሳ ዘረጋች።