ወንዱ ፓፓያ

ባሌ ፈይሳ ጴንጤ ነው ተብሎ ከሥራው ሲባረር፣ ናዝሬት ውስጥ አንዲት ጠባብ የቀበሌ ቤት ገባን፤ እኔ፣ እሱና የአምስት ዓመቷ ሙሉዬ። እሱ መቼም ከእግዜር በቀር የሚያስደነግጠው የለም። «የሺዬ፣ ባለን እንኖራለን፤ የሚደፋ ነገር ግን አይኖርም» አለና አረፈው።

በተለይ ውሃ። ድርቁ ብሶ የቦኖው ውሃ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ሙሉዬ ጓሮ ሳፋ ውስጥ ቆማ ትታጠብና፣ በዚያው ውሃ ጨርቅ ይታጠባል፤ የተረፈው እጣቢ ደግሞ ራሷ በዘራችው ፓፓያ ሥር ይፈስሳል። ጎረቤታችን እትዬ አሳየች «እናንተ ቤት ውሃ እንኳ ጡረታ አይወጣም!» እያሉ ይስቁብናል። እኔ እበግናለሁ።

ይባስ ብሎ ዛፉ ሲያብብ አበባው ረዥም ክር ላይ ተንጠልጥሎ ወጣ። እትዬ አሳየች አዩትና «ውይ! ወንድ ነው እኮ። ወንድ ፓፓያ አበባውን ያራግፋል እንጂ አያፈራም» አሉ።

«በቃ፣ ይቆረጥ!» አልኩ።

«ተይው የሺዬ፣ ጥላው ምን አደረገሽ?» አለ ፈይሳ።

ተይው! አንድ ቀን ቦኖ ስጋፋ ውዬ ባዶ ጀሪካን ይዤ ስመለስ፣ ሙሉዬ ፓፓያው ሥር ቆማ እጣቢዋን በጣሳ እየቀዳች «ጠጣ፣ የኔ ጌታ» ትለዋለች። ደሜ ፈላ። መጥረቢያ አንስቼ አናቱን ጎመድኩት። ልጄ ጮኸች፤ እኔ እንደሆነ አልተጸጸትኩም፣ በውሃ ቀልድ የለም። እሷ ግን «ራሱን አሞታል» እያለች ጉቶውን ማጠጣቷን ቀጠለች። ኋላ ላይ አቆጠቆጠ። እኔ ዞሬም አላየሁት።

ወራት አለፉ። ከዚያ ሙሉዬ አመሻሽ ላይ ሳፋው እያደናቀፋት ትወድቅ ጀመር። ቀን ደህና ናት፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግድግዳ ትዳብሳለች። አባቷ ከደጅ «መጣሁ፣ ሙሉዬ!» ብሎ ድምፁን ካላሰማት መግባቱን አታውቅም።

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ፀሐይቱ «ዳፍንት ነው» አለች። «ጉበት፣ ካሮት፣ የበሰለ ፓፓያ ስጧት። ችላ ካላችሁት ዓይኗ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል።»

ጉበት በምን አቅማችን? ገበያውን ብዞር ከዓለም ጤና ከተማ የመጣ ሽንኩርት እንጂ ሌላ የለም። ጓሮ ገብቼ ጉቶው አጠገብ ተቀመጥኩና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሙሉዬ ዳበስ ዳበስ እያለች መጣች።

«እማዬ፣ የኔ ፓፓያ አለ አይደል?»

«እሱ ወንድ ነው፣ የኔ እናት።»

«ወልዷል እኮ!»

ቀና አልኩ። ካቆጠቆጠው ቅርንጫፍ ላይ፣ ከቅጠሉ ሥር፣ ፍሬ! ግንዱን ሙጭጭ ብለው የያዙ አረንጓዴ ፍሬዎች። እውነቴን ነው፣ መሬቱ ላይ ተንበረከክሁ። ያ የጨርቅ እጣቢ፣ ያ የእግር እጣቢ፣ ያ የረገምኩት ሁሉ!

እትዬ አሳየች አፋቸውን ይዘው ቀሩ። «መጥረቢያ ያስደነገጠው ወንድ ሴት ይሆናል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ቀልድ ይመስለኝ ነበር እኮ!» ከዚያ ወደ ቤታቸው አየት አድርገው፣ «እስቲ የኔንም ባል ሞክሪልኝ» አሉ። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ፊቴን እንኳ የምታጠበው ከሥሩ ሆኜ ነው። የመጀመሪያው ፍሬ ቢጫ ሲሆን በማንኪያ አበላኋት። ሁለተኛውንም። እኔና ፈይሳ ልጣጩን ላስን።

አንድ ምሽት ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያስቸግር፣ ፈይሳ ጉንፋን ድምፁን ዘግቶት ዝም ብሎ ገባ። እኔም አላየሁትም።

«አባዬ መጣ!»

ልጄ ሮጠች። ሳፋው መሐል መንገድ ላይ ነበር፤ ዞር ብላ አለፈችው። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ከዚያ በትከሻው ላይ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?»

ድምፅ አላሰማሁም ነበር። በዚያ ድንግዝግዝ እንባዬን አየችው።